የኢራን ጥበብ ሰማይን መሳል የጀመረው ዛሬ አይደለም

«በኢራን ሥዕል ክልክል ስለነበር የጥንቱ ጥበብ ከሐረግና ከጌጥ አላለፈም፤ ኮከብና ሰማይ ያስገቡበት የዛሬዎቹ አርቲስቶች ናቸው» ብለህ ለጻፍከው እርማት አለኝ ወንድሜ። ብዙ ሰው ይሄንን ይደጋግማል፤ ግን ስህተት ነው።

በመስጊድ ግድግዳ ላይ ሰውና እንስሳ አይሳልም ማለት ይቻላል። ከመስጊድ ውጭ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በኢራኗ ኢስፋሃን ከተማ ይሠራ የነበረው የሥነ ፈለክ ሊቅ አብዱራህማን አልሱፊ፣ እ.ኤ.አ. በ964 ገደማ ኅብረ ከዋክብትን በሰውና በእንስሳ አምሳል የሚያሳይ መጽሐፍ አዘጋጀ። ዛሬ አንድሮሜዳ የምንለውን ጋላክሲም «ትንሽ ደመና» ብሎ መዝግቦታል። ያውም ያለ ቴሌስኮፕ! በ1200 አካባቢ ደግሞ የኢራን ሸክላ ሠሪዎች ፀሐይን፣ ጨረቃንና ፕላኔቶችን የሰው መልክ እየሰጡ ሳህን ላይ ይሥሉ ነበር። በጣም የሚያምሩ ሥራዎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ያረፉት ኢራናዊቷ አርቲስት ሞኒር ፋርማንፋርማያንም ከመስታወት ቁራጭ ኮከቦችን ሲሠሩ ባህሉን አልሻሩም። ሺራዝ በተባለችው የኢራን ከተማ ያለው የሻህ ቼራግ መካነ መቃብር ከውስጥ በመስታወት የተለበጠ ነው፤ እሱን አይተው ተነኩ። ከዚያ ሙያውን ከአባቶቻቸው ከወረሱ የመስታወት ባለሙያዎች ጋር አብረው ሠሩ። ሥራዎቻቸው ቴህራን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 በተከፈተው፣ በስማቸው በተሰየመው ሙዚየም ይታያሉ።