የልጆች ቶንሲል ልብ ድረስ ይሄዳል

የልብ ቀዶ ሕክምና ለሚያስፈልጋቸው ልጆች «ወደ ህንድ ሄዶ መታከም አለበት» እየተባለ ገንዘብ ሲሰበሰብ በየጊዜው እናያለን። ሕዝባችን ካለው ላይ ይሰጣል፣ እግዚአብሔር ይስጠው። እኔን የሚያንገበግበኝ፣ ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ለልብ ሕመም የተዳረጉት በአግባቡ ባልታከመ የጉሮሮ ሕመም ሆኖ ሳለ ስለ እሱ የሚናገር ሰው አለመኖሩ ነው።

ይህን የጉሮሮ ሕመም (ቶንሲል) የሚያመጣው ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ይበልጥ የሚያጠቃው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። ካልታከመ፣ ጉሮሮው ከዳነ ከ2 እና 3 ሳምንት በኋላ በአንዳንዶቹ ላይ ሌላ ጣጣ ይከተላል፤ ባክቴሪያውን ሊዋጋ የተነሳው የሰውነት መከላከያ ዞሮ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ያጠቃል። ልጁ ያተኩሰዋል። ጉልበቱ ያብጣል፤ እሱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚቱ ይቀጥላል። ቤተሰብ «ኳስ ስትጫወት ተመትተህ ነው» ብሎ ያሸዋል። እብጠቱ በርግጥም ይጠፋል፤ የልብ ቫልቩ ግን ጠባሳ ይዞ ሊቀር ይችላል፣ ሕመሙ በተመላለሰ ቁጥርም ይብሳል። ብዙዎች ይህን የሚያውቁት ከዓመታት በኋላ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣ ሴቶች ደግሞ ሲያረግዙ ነው።

ልጅ «መዋጥ አቃተኝ» ሲለን በጨውና ለብ ባለ ውሃ እናስጉመጠምጠዋለን፣ ዝንጅብል በማር እንሰጠዋለን። ያስታግሳል፣ ክፋት የለውም፤ ባክቴሪያውን ግን አይገድልም። ከጎረቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ለሁለት ቀን መስጠትም እንዲሁ ነው። ለዚህ ሕመም በአፍ የሚወሰደው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው ለ10 ቀን ነው፤ ልጁ በሦስተኛው ቀን ተነስቶ ቢሮጥም እስከ መጨረሻው መውሰድ አለበት። ከሁሉ የሚከፋው እንጥል ማስቆረጥ ነው። እንጥል ምንም አላደረገም፤ ምላጩ ግን ደም ያፈሳል፣ ሌላ ኢንፌክሽንም ያስገባል። ይህ ልማድ መቆም አለበት፣ አለቀ።

ጉሮሮውን ያመመው ሁሉ መርፌ ይወጋ ማለቴ አይደለም። ሳልና ንፍጥ ካለው ብዙ ጊዜ ቫይረስ ነው፣ በራሱ ይለቃል። በድንገት የጀመረ፣ ትኩሳት ያለው፣ አንገት ሥር ንፍፊት ያወጣ፣ ሳል የሌለው ከሆነ ግን ጤና ጣቢያ መታየት አለበት። የመገጣጠሚያ እብጠት ከተከተለማ አንድ ቀን ማሳደር አይገባም።

ልቡ የተነካ ልጅም ተስፋ አለው። በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ሕመሙ እንዳይመለስ ይከላከላል፤ ለዓመታት መቀጠሉ ግን ያሰለቻል፣ «ድኛለሁ» ብለው የሚያቋርጡም ብዙ ናቸው። የመርፌው ዋጋ ከቀዶ ሕክምናው ጋር አይወዳደርም። በጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ወረፋ የሚጠብቁት በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት የሚሄዱ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉን። ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ቤት ሲያስተምሩ ስለ ቶንሲልም ይንገሩ። ትምህርት ቤቶችም አይቅሩ፤ ልጁ ሲያነክስ ወይም ከሩጫ ሲቀር ቀድሞ የሚያየው መምህሩ ነው። የወር መርፌ ያለበት ተማሪ ካለ ደግሞ ቀኑን መምህሩ ይወቀው፣ ፈተና ቢኖር እንኳ ሄዶ ተወግቶ እንዲመለስ ይፍቀድለት።