ነፋሱን ከመውቀሳችን በፊት መስመሩን እንይ

ነሐሴ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ምሽት ኬንያ ከሞላ ጎደል በመላ አገሪቱ መብራት ጠፋባት፤ የናይሮቢው ጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያም ለሰዓታት ጨለማ ውስጥ ቆየ። ከመንግሥት ወገን ጥፋቱ በድንገት ከመስመር በወጣው በቱርካና ሐይቅ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ላይ ሲሳበብ፣ ማመንጫው በበኩሉ የወጣሁት በግሪዱ (በአገሪቱ የኃይል ማስተላለፊያ መረብ) ላይ ቮልቴጅ ከልክ በላይ ስለጨመረ ነው ሲል መለሰ።

በእኔ እምነት ቀዳሚው ጥያቄ የግሪዱ አቅም ነው። 365 ተርባይኖች ያሉትና 310 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ይህ ጣቢያ እዚያው ኬንያ ከሚገኘው የሱስዋ ማከፋፈያ ጣቢያ ጋር የተገናኘው 436 ኪሎ ሜትር በሚረዝም መስመር ነው። እንዲህ ያለ ረጅም መስመር የሚሸከመው ኃይል ሲያንስ ቮልቴጁ በተፈጥሮው ከፍ ይላል፤ ይህን የሚቆጣጠር መሣሪያ በበቂ ሁኔታ ከሌለ ትንሽ መናወጥ አገር ያጨልማል። መስመሩ ራሱ የደረሰው ተርባይኖቹ ከተተከሉ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነበር፤ ኬንያም ለቆመ ተርባይን ካሳ ለመክፈል ተገድዳለች።

እኛስ? ከአሸጎዳ (120 ሜጋ ዋት) እና ከአዳማ ሁለት (153 ሜጋ ዋት) የነፋስ ማመንጫዎች ወዲህ የነፋስ ኃይል ግሪድ ያናውጣል የሚል ስጋት በአገራችንም ይሰማል። ስጋቱ መሠረት ቢኖረውም አንድ ነገር ይዘነጋል፦ የሕዳሴ ግድብ አብዛኞቹ ተርባይኖች እያንዳንዳቸው 400 ሜጋ ዋት ናቸው፤ ማለትም ግድቡ ባለበት ጉባ ላይ ከእነዚህ አንዱ ተርባይን በሙሉ አቅሙ እየሠራ ድንገት ቢቆም ግሪዱ የሚያጣው ኃይል ከመላው የቱርካና ጣቢያ አቅም ይበልጣል። ደካማ ግሪድ ለውኃም ደካማ ነው።

በአንጻሩ ሌሎች አገሮች በውድ ባትሪ የሚገዙትን እኛ በግድቦቻችን ይዘነዋል። የውኃ ተርባይን በደቂቃዎች ውስጥ ኃይሉን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ነፋሳችንም የሚበረታው ወንዞች በሚቀንሱበት በበጋ ነው። ስለዚህ ቀጣዩ የነፋስ ወይም የፀሐይ ኃይል ውል መስመሩንና ማከፋፈያ ጣቢያውን በአንድ ሰነድ ሳያካትት፣ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ግዴታም ሳያስቀምጥ መፈረም የለበትም። ሪባን የሚቆረጠው ለማመንጫ እንጂ ለማከፋፈያ ጣቢያ ባለመሆኑ፣ ይህ ጉዳይ በቀላሉ ወደ ኋላ እንደሚገፋ እናውቃለን።

ለኬንያ ኃይል የምንሸጥበት፣ ከወላይታ ሶዶ የሚነሳው 1,045 ኪሎ ሜትር መስመራችንም የሚያርፈው እዚያው ሱስዋ ነው። 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም የሚችለው ይህ መስመር የንግድ አገልግሎቱን የጀመረው በ200 ሜጋ ዋት ነው። የቱርካና ነፋስ ሲዳከም ኃይል ለመጨመር፣ ሲበረታም ለመቀነስ ዝግጁ ሆኖ መጠበቅ ራሱን የቻለ አገልግሎት ስለሆነ፣ የሽያጭ ውሉ በሚከለስበት ጊዜ የራሱ ዋጋ ሊወጣለት ይገባል።