ስምን መልአክ ሲያወጣው አይከፈልም ነበር

በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተው የሚሸጡ አንዲት እናት ዌብሳይት እንድሠራላቸው አስጠሩኝ። ልጃቸው አሜሪካ ናት፤ እዚያ ያለው ሐበሻ በስልኩ እንዲያዝዝ የፈለገችው እሷ ናት። የሥራዬን ዋጋ ስነግራቸው ብዙም አልተከራከሩኝም። «ለዶሜኑ ደግሞ በየዓመቱ 15 ዶላር ገደማ ይከፈላል» ስላቸው ግን መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዶሜን ምንድን ነው?»

«የዌብሳይቱ ስም ነው፣ እማማ።»

«እኔ የማውቀው ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል ነው። አንተ በዶላር ታወጣለህ ልጄ? ያውም በየዓመቱ?»

ያን ዕለት «አሠራሩ እንዲያ ነው» ብዬ አለፍኩት። የነጋዴ ቤት ደግሞ «አሠራሩ ነው» የሚል መልስ አይወድም፤ የበርበሬውን፣ የወፍጮውን፣ የላስቲኩን እያንዳንዱን ወጪ ለይተው የሚያውቁ ሴት ናቸው። እኔ ግን ስንት ዓመት ዶሜን ሳስገዛ ገንዘቡ የት የት እንደሚገባ ለአንድም ደንበኛ ዘርዝሬ ነግሬ አላውቅም። ለእሳቸው ያላልኩትን እዚህ ልበለው።

በዶት ኮም የሚያልቅ ስም ልክ እንደ መርካቶ ዕቃ ጅምላ ሻጭና ቸርቻሪ አለው። እኛ የምንከፍለው ለቸርቻሪው ነው፤ ሬጅስትራር ይባላል። ጅምላ ሻጩ ግን በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ ቬሪሳይን የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ። ማንም ሰው፣ የትም አገር፣ ከየትኛውም ቸርቻሪ ዶት ኮም ሲገዛ ቬሪሳይን ድርሻውን ያገኛል። ድርሻው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 በዓመት 10 ዶላር ከ26 ሴንት ሆነ። እንግዲህ ከ15 ዶላሩ ሁለት ሦስተኛው እዚህ ላይ ተበላ ማለት ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የመጀመሪያው የዶት ኮም ስም የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1985 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል ስም የሚያስመዘግብ ሰው ሳንቲም አይጠየቅም ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ወጪውን ይሸፍን የነበረው የአሜሪካ መንግሥት የሳይንስ ተቋም ነው። በ1995 መስከረም ላይ መዝጋቢው ኔትወርክ ሶሉሽንስ ለሁለት ዓመት 100 ዶላር ማስከፈል ጀመረ። በ1998 ወደ 70 ዶላር ወረደ። በቀጣዩ ዓመት ችርቻሮው ለውድድር ሲከፈት ዋጋው ተሰበረ። ጅምላው ግን ለውድድር አልተከፈተም። ቬሪሳይን በ2000 ኔትወርክ ሶሉሽንስን ሲገዛ ጅምላውን አብሮ ወሰደ፤ ችርቻሮውን በኋላ ሲሸጠው ጅምላውን እጁ ላይ አስቀረ። የነጋዴ ዓይን ያለው ማን እንደነበር እዚህ ላይ ይታያል።

በኦባማ አስተዳደር ዘመን ጅምላው 7 ዶላር ከ85 ሴንት ላይ እንዳይንቀሳቀስ ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 እገዳው ተነሣና ኩባንያው በእያንዳንዱ የስድስት ዓመት ውል በመጨረሻዎቹ አራት ዓመታት በዓመት እስከ 7 በመቶ እንዲጨምር ተፈቀደለት። ከ2021 እስከ 2024 አራቱንም ጊዜ ጨመረ፤ 8.39፣ 8.97፣ 9.59፣ 10.26። በ2024 መጨረሻ ውሉ ለሌላ ስድስት ዓመት ታደሰ። ጨረታ አልወጣበትም፤ ውሉ ራሱ ከባድ ጥፋት ካልተገኘበት በቀር ለነባሩ እንዲታደስ ተደርጎ የተጻፈ ነው። አሁንም የተፈቀደለትን ሁሉ ከጨመረ ጅምላው ብቻ 13 ዶላር ከ45 ሴንት ገደማ ይደርሳል።

የሥራውን ክብደት አላቃልልም። አንድ ሰው የዶት ኮም አድራሻ በጻፈ ቁጥር «ይህ ስም የት ነው ያለው?» ለሚለው ጥያቄ ከዚያው ኩባንያ ኮምፒውተሮች መልስ መገኘት አለበት፤ ቀንም ሌሊትም፣ በመላው ዓለም። ኩባንያው ከ25 ዓመት በላይ ሳልቋረጥ ሠርቻለሁ ይላል፣ የሚያስተባብለውም አላየሁም። ነገር ግን ከ150 ሚሊዮን በላይ ስም የሰፈረበት መዝገብ አንድ ስም ሲጨመርበት የሚመጣው ወጪ ከምንም አይቆጠርም። ቬሪሳይን በ2023 ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር አስገብቶ ከ800 ሚሊዮን በላይ የተጣራ ትርፍ አግኝቷል። መቶ ብር ሸጦ ከሃምሳ በላይ የሚያተርፍ የሽሮ ነጋዴ ቢኖር ሰፈሩ ምን ይለው ነበር? እማማ «በየዓመቱ?» ብለው የጠየቁት ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ የዶት ኮም ዋጋ ወጪን ተከትሎ የወጣ ዋጋ አይደለም፤ በውል የተፈቀደ ዋጋ ነው።

ሁለተኛው ተቀባይ የስሞችን ሥርዓት የሚቆጣጠረው አይካን ነው። የእሱ ለእያንዳንዱ ስም በዓመት 18 ሴንት ነበር፤ ከ2025 አጋማሽ ጀምሮ 20 ሴንት ሆኗል። ብዙ ጊዜ ደረሰኝ ላይ ብቻውን ተለይቶ የሚጻፈው ይኸው ነው፣ ትንሹ። 10 ዶላሩን ለብቻው የሚጽፍልን የለም።

የቀረው የቸርቻሪው ነው፤ ይህ ሰውዬ ደግሞ ትርፉ ቀጭን ስለሆነ ብልጠት ያበዛል። የመጀመሪያውን ዓመት በአንድ ዶላር፣ በሁለት ዶላር የሚሸጥ ማስታወቂያ ስታዩ ከጅምላ በታች እየሸጠ እንደሆነ ዕወቁ። አብዶ አይደለም። በሁለተኛው ዓመት ስሙ ቢዝነስ ካርዳችሁ ላይ ታትሟል፣ መኪናችሁ ላይ ተለጥፏል፣ ደንበኛ ለምዶታል፤ ያኔ ማሳደሻውን 20 ዶላርና ከዚያ በላይ ቢላችሁ ትከፍላላችሁ። ዶት ኤክስዋይዚን የመሳሰሉ አዳዲስ ቅጥያዎች ላይ ይህ ይብሳል፤ ለእነሱ እንደ ዶት ኮም በውል የታሰረ የዋጋ ጣሪያ የለም። የባለቤቱን ስምና ስልክ ከሕዝብ ዕይታ የሚሸፍነውን አገልግሎትም ለብቻው የሚያስከፍሉ አሁንም አሉ፤ ብዙዎች ግን በነጻ ይሰጡታል። ክላውድፍሌር የተባለው ኩባንያ ምንም ሳይጨምር በጅምላው ዋጋ ይሸጣል፤ እሱም የሚያተርፈው ከሌላ አገልግሎቱ ነው። ስለዚህ ስም ስትገዙ የዘንድሮውን ዋጋ ትታችሁ የከርሞውን ጠይቁ።

እስካሁን ያልኩት ሎስ አንጀለስ ላለውም ለእኛም አንድ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የእኛ ብቻ ነው። ስሙ የሚገዛው በዶላር፣ የሚከፈለውም በዓለም አቀፍ ካርድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በ15 ዶላር ሒሳብ 855 ብር። የፈረንጆቹ 2024 ሲያልቅ ከ120 ብር አልፎ ስለነበር ያው ስም 1,800 ብር በላይ ሆነ። ቬሪሳይን በአራት ዓመት 30 በመቶ ቢጨምር እኛ በአምስት ወር ውስጥ ከእጥፍ በላይ ጨመርን። በዚህ ላይ ብዙው ነጋዴ ካርዱ ስለሌለው መንገዱ ሁለት ነው፤ ወይ ውጭ ያለ ዘመድ ይለመናል፣ ወይ እንደኔ ያለ ዌብሳይት ሠሪ ይከፍልለታል። ሠሪው ደግሞ የድካሙን ይጨምራል። ስንት እንደሚጨምር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ በሙያ ባልደረቦቼ ዘንድ ይህን መጻፌ እንደማይወደድልኝ አውቃለሁ።

ጭማሪው ግን ትንሹ ጉዳት ነው። ስሙ በማን ኢሜይል ተመዘገበ የሚለው ይብሳል። ባሕር ዳር ላይ እንግዳ ማረፊያ ያለው ወዳጄ ዌብሳይቱን ያሠራው አንድ ልጅ ጋ ነበር። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ክፋትም የለበትም፤ ስሙን በራሱ አካውንት፣ በራሱ ኢሜይል ገዛው። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጁ ወደ ውጭ ሄደ፣ ስልኩንም ቀየረ። «ስምዎ ሊያበቃ ነው» የሚሉት መልእክቶች ማንም በማይከፍተው ሣጥን ውስጥ ተደረደሩ። ቀኑ አለፈ፣ ዌብሳይቱም ኢሜይሉም ጠፋ። ስም ጊዜው ሲያልፍ በአንድ ጀንበር አይጠፋም፤ ቸርቻሪው እስከ 45 ቀን ሊታገሥ ይችላል፣ ቀጥሎ 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለ። በዚያ 30 ቀን ግን ከማሳደሻው ሌላ 80 ዶላርና ከዚያም በላይ ቅጣት መጠየቅ የተለመደ ነው። ወዳጄ ቅጣቱን ሊከፍል ዝግጁ ነበር፤ መዝገቡ ላይ ባለቤቱ እሱ ስላልሆነ የሚቀበለው አጣ። 30 ቀኑ አልቆ አምስት ቀን ሲጨመር ስሙ ተለቀቀ፣ ወዲያው ሌላ ሰው አነሣው። አሁን ስሙን ብትከፍቱት የቁማር ማስታወቂያ ነው የሚወጣው።

«ታዲያ በብር የሚከፈል የራሳችን ስም አለ አይደል?» የሚለኝ አይጠፋም። አለ። ዶት ኢቲ ከእ.ኤ.አ. 1995 ጀምሮ የኢትዮጵያ ነው፣ የሚያስተዳድረውም ኢትዮ ቴሌኮም። አገር ውስጥ ብቻ ለሚሠራ ሰው እኔም እሱን እመክራለሁ፤ ቢያንስ ማሳደሻው የዘመድ ካርድ አያስለምንም። አገሮች ከሁለት ፊደል ስንት እንደሚያገኙ ለማየት አንጉይላን መመልከት ነው። ወደ 15 ሺሕ ሰው የሚኖርባት የካሪቢያን ደሴት ዶት ኤአይ የእሷ ስለሆነና ፊደሎቹ ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ምሕጻረ ቃል ጋር ስለገጠሙላት በ2023 ብቻ 32 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገብታለች፣ ከመንግሥቷ ገቢ አንድ አምስተኛ በላይ። የእኛ ሁለት ፊደል እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠመውም። ቢያንስ በአምስት ደቂቃ፣ ከሞባይል፣ በቴሌብር ከፍሎ መውሰድ የሰፈር ባለ ሱቁ ሁሉ ልማድ ቢሆን ግን ወጣቱ ወደ ዶት ኮም ባልሮጠ ነበር እላለሁ።

የእማማ ገዢዎች አሜሪካ ስለሆኑ በዶት ኮም ጸናን። ሒሳቡን ተመልሼ በወረቀት ጻፍኩላቸው፤ የጅምላውን፣ የአይካንን፣ የቸርቻሪውን። ካዩት በኋላ «ይሄ ባለ ጅምላው ከጨመረ ለእኔም ይጨምራል?» አሉ። በአንድ ጊዜ እስከ 10 ዓመት መክፈል እንደሚቻል፣ አስቀድሞ የተከፈለበትን ዓመት ጭማሪ እንደማይነካው ነገርኳቸው። «በርበሬም በመኸር ነው የሚገዛ» አሉና ልጃቸው ጋ ደወሉ። የአምስት ዓመት ተከፈለ። ኢሜይል ስላልነበራቸው በስማቸው ከፈትን፤ የይለፍ ቃሉን ዱቤ በሚጽፉበት ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ በራሳቸው እጅ ጻፉት፤ ከዚያ ደብተሩን ከእኔ ዞር አድርገው ቁምሣጥን ውስጥ ቆለፉበት።