ርዕስ አንብበው ለሚድኑ

እናንተ ርዕስ አንባቢዎች፣ ክብር ይገባችኋል። ተመራማሪ ስንት ዓመት የለፋበትን ጥናት በሦስት ሰከንድ ትጨርሱታላችሁ። በአራተኛው ለዘመድ አዝማድ ተልኳል። ከርዕሱ በታች ያለውን ማን ያነባል? እዚያ ያለው «ነገር ግን» ብቻ ነው። «ነገር ግን» ደግሞ ያስረጃል።

የእኛ ቤት ጀግና አጎቴ ናቸው። ጋሼ አምና «ብግነት» የሚል ቃል ተማሩ፤ ሰውነት ጉዳት ወይም ጀርም ሲገጥመው መቆጣቱ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ያልበገነ ነገር የለም። ጉልበታቸው ብግነት፣ እንቅልፍ ማጣታቸው ብግነት፣ የጎረቤት ግልፍተኝነት ሳይቀር ብግነት። ባለፈው እሁድ ምሳ ላይ አጠገባቸው ነበርኩ። ቲማቲም ሰውነትን ያስቆጣል የሚል ርዕስ አይተዋል። በሹካ ጫፍ ዘሩን አንድ በአንድ እየለቀሙ የሳህኑ ጠርዝ ላይ ደረደሩት። እጃቸው አይንቀጠቀጥም፤ ቀዶ ሐኪም ይቀናባቸዋል። ከዚያ ሻይ መጣ። ሦስት ማንኪያ ስኳር።

«ጋሼ፣ የደም ምርመራ አድርገው ያውቃሉ? ሲአርፒ የሚባል ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን አለ። ብግነት ሲኖር ከፍ ይላል።»

«ምርመራ ምን ይሠራልኛል? ጥናት አለ እያልኩህ!»

አለ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2015 ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ሆን ብሎ ደካማ ጥናት አሠራ። 15 ሰው ለሦስት ቡድን ተከፈለ፣ 18 ነገር ተለካ። ይህን ያህል ነገር በጥቂት ሰው ላይ ሲለካ አንዱ በዕድል መሳካቱ አይቀርም። የተሳካው ክብደት ሆነና «ቸኮሌት ቶሎ ያከሳል» ተባለ። ጋዜጦች እየተቀባበሉ አወጡት። ስንት ሰው ተጠና ብሎ ነገር የሚያበላሽ አንባቢ ቢበዛ ኖሮ ያ ሁሉ ደስታ ይቀርብን ነበር።

ከአይጥ ጋር ያለን ዝምድናም ያኮራል። እ.ኤ.አ. በ1935 ክላይቭ ማኬይ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ምግባቸው የተቀነሰ አይጦች ረጅም ዕድሜ እንደኖሩ አሳየ። ትልቅ ግኝት ነው፣ አልቀልድም። አይጡ ግን ሌሊት ተነስቶ ፍሪጅ አይከፍትም። ጦጣ ይሻላል የሚል ካለ፣ ጦጣም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2009 የዊስኮንሲን ተመራማሪዎች ትንሽ መብላት ዕድሜ እንደሚያስረዝም የሚጠቁም ውጤት አወጡ። በ2012 ሌላ የአሜሪካ ቡድን ዕድሜያቸው አልጨመረም አለ። ከልዩነቶቹ አንዱ፣ የዊስኮንሲኖቹ ጦጣዎች ምግብ ስኳር የበዛበት መሆኑ ነው። እኛ ግን ሁለቱንም ርዕስ ተቀብለናል፤ ሰኞ ጾም፣ ማክሰኞ ድግስ።

ማንም የማይልከው ጥናት ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ 20 ሰዎችን ለ4 ሳምንት ምርምር ማዕከል ውስጥ አኖሩ። ሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ያልተቀነባበረ። የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳርና ስብ ተመጣጣኝ ነው፤ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ተፈቀደ። በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን ወደ 500 ካሎሪ ተጨማሪ በሉ፤ ክብደታቸውም ጨመረ። ሰዎቹ ጥቂት፣ ጊዜውም አጭር ነው፤ ግን እያንዳንዱ ጉርሻ ተለክቷል። ይህንን ለጋሼ ነገርኳቸው።

«እና የትኛው ፍሬ ነው የሚያድነው?» አሉኝ።

ፍሬ የለውም አልኳቸው። አዘኑልኝ።

ዛሬ ጠዋት በቤተሰቡ ግሩፕ አዲስ ርዕስ ልከዋል። ቲማቲም ብግነትን ይቀንሳል ይላል። ከሥሩ በራሳቸው እጅ «ዘሩን እንዳትጥሉ!!!» ብለው ጽፈዋል።