ክፍት የአየር ፊልትሮ ጉልበት አይጨምርም

ወንድሜ፣ ያገለገለ ስፖርት መኪና ለሚገዙ ልጆች «ኮፈኑን ክፈቱ፤ ክፍት የአየር ፊልትሮ ከተገጠመለት ጉልበቱ ጨምሯል» ብለሃል። ብዙ ሰው ያምነዋል። ግን ልክ አይደለም።

ክፍት ፊልትሮ የሚባለው የፋብሪካው የፊልትሮ ሳጥን ተነስቶ ያለ ሽፋን የሚገጠመው ነው። የሞተሩ ድምፅ ይጨምራል፣ እውነት ነው። ጉልበት ሌላ ነገር ነው። የፋብሪካው ሳጥን በአብዛኛው አየር የሚስበው ከፊት፣ ከቀዝቃዛው በኩል ነው። ሳጥኑ ሲነሳ ፊልትሮው ሞተሩ ያሞቀውን አየር ይስባል። ትኩስ አየር ስስ ነው፤ ኦክስጅኑ ያንሳል። እዚህ ባሕር ዳር ከተማ ደግሞ አየሩ ድሮም ስስ ነው። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። በዚያ ላይ የሚያዝያን ሙቀት ጨምሩበት!

ስለዚህ ስትገዙ የፊልትሮውን ቀለም ተዉት። ከፊልትሮው ኋላ ያለውን የአየር ቱቦ ፍቱና ውስጡን በጣት ዳብሱ። አቧራ ካለ ሞተሩ አቧራ ሲበላ ከርሟል፤ ሲሊንደሩን ሳይፍቀው አይቀርም። ታጥቦ የሚያብረቀርቅ ሞተርም አያታላችሁ፣ የዘይት ፍሳሽ ይደብቃል። ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሱት። የድሮው ሳጥን ሻጩ ጋር ካለ ደግሞ አብራችሁ ተቀበሉ።