ኮርኒሱ ከመሰቀሉ በፊት በእሳት ይፈተን

ከገላን እስከ ለገጣፎ፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ቤት የሚሠራ ሰው ጣሪያው ላይ ሲደርስ ገንዘቡ እጁ ላይ አልቆ ርካሽ ኮርኒስ ፍለጋ ይወጣል። ሰጋቱራን፣ የእንሰት ቃጫን ወይም የቡና ገለባን ከቀለጠ ፕላስቲክ ጋር አዋህዶ ሰሌዳ መሥራት ለዚህ ሰው ጥሩ መልስ ነው። ደን ይተርፋል፣ በየቦዩ የተጣለው ፕላስቲክም ሥራ ያገኛል። ከልቤ እደግፈዋለሁ። እሳት መቋቋሙ ሳይፈተን ግን ከሰው ራስ በላይ ሊሰቀል አይገባም።

ቃጫውም ፕላስቲኩም ተቀጣጣይ ናቸው። ፌስታል የሚሠራበት ፕላስቲክ፣ ፖሊኤቲሊን፣ ደግሞ ሲነድ ይቀልጣል፤ እየነደደም ይንጠባጠባል። በለንደኑ ግሬንፌል ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ2017 የ72 ሰዎችን ሕይወት የቀጠፈውን እሳት በዋናነት ያዛመተው የውጭ ልባሱ ውስጥ የነበረው ፖሊኤቲሊን ነው።

ዩኤል 94 የሚባለው የታወቀ የፕላስቲክ ፍተሻ ይህን ጠብታ በቀላል ዘዴ ይይዘዋል። ናሙናው ቁልቁል ይንጠለጠላል፤ ነበልባል ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ለ10 ሰከንድ ይነካዋል፤ ከሥሩ ጥጥ ይነጠፋል። ቶሎ ቢጠፋ እንኳ ጠብታው ጥጡን ካቀጣጠለ ከፍተኛውን ደረጃ አያገኝም። በእኛ ቤት በጥጡ ቦታ ያለው ልጆች የሚተኙበት የስፖንጅ ፍራሽ ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ አጠገቡ ሻማ ይበራል።

መድኃኒቱ አለ፤ ከእጽዋቱም ጋር ይስማማል። አሞኒየም ፖሊፎስፌት የተባለው፣ ፎስፈረስ ያለበት የእሳት ተከላካይ ሲግል አሲድ ይፈጥራል። አሲዱ ቃጫው ወደሚነድ ጋዝ ከመለወጥ ይልቅ ከሰል እንዲሆን ያደርገዋል፤ ያ የከሰል ሽፋን ሙቀቱንና አየሩን ከውስጠኛው ክፍል ይጋርዳል። ቃጫው ራሱ የመከላከያው ግብዓት ሆነ ማለት ነው! አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድም 200 ዲግሪ አካባቢ ውኃ እየለቀቀ ሙቀቱን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሰሌዳውን ክብደት ግማሽ ያህል ስለሚጠይቅ ሰሌዳው ይከብዳል፣ ይሰባበራልም። ስለዚህ ለኮርኒስ ፎስፈረሱን አስቀድማለሁ። ብሮሚን ያለባቸው አሮጌ ተከላካዮች ግን አይታሰቡ፤ ከእነሱ መካከል ሄክሳብሮሞሳይክሎዶዴኬን እ.ኤ.አ. በ2013 አደገኛና በቀላሉ የማይበሰብሱ ኬሚካሎችን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት እንዲወገዱ ከተወሰነባቸው ኬሚካሎች ተርታ ገብቷል።

ተከላካዩ ዋጋ ይጨምራል፤ አልክድም። ጭማሪው ግን በአምራቹ ፈቃድ የሚተው ጉዳይ መሆን የለበትም። የእሳት ፍተሻው አስገዳጅ ደረጃ ይሁን፤ ውጤቱ በእያንዳንዱ ሰሌዳ ጀርባ ይታተም፤ ያልታተመበትን ኮርኒስ ገዢው አይቀበል፣ አናጺውም አይምታ።