ያልሰማህ ስማ፣ በሹክሹክታ

ድሮ አዋጅ ሲነገር ነጋሪት ይጎሰም ነበር። ያውም በገበያ ቀን፣ ሰው ግጥም ባለበት። «ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ምን ዓይነት ኋላ ቀርነት ነው? ሁሉም ሰው ይሰማላ! ሰው ከሰማ ይጠይቃል። ከጠየቀ መልስ ይፈልጋል። ማን ይችለዋል?

ደግነቱ ዘመን ተሻሻለ። ዛሬ ላመሰግናቸው የተነሣሁት ሰዎች አዋጁን ትተው አይደለም የሠለጠኑት። ነጋሪቱን ብቻ ነው የተዉት። በፈቃደኞች የሚጻፉ ድረ ገጾችን ሶፍትዌር የሚሠሩና የሚቀያይሩ ወገኖች ማለቴ ነው። ትልቁ ምሳሌ ውክፔዲያ ነው። ጽሑፉን በነጻ የሚጽፈው ሕዝብ ነው። ቤቱን የሚያድሰው ደግሞ ባለ ደመወዙ ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን። አዳሹና ነዋሪው የሚገናኙት በማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው የት እንደተለጠፈ ፈልጎ ማግኘት የነዋሪው ፈንታ ነው።

እስቲ አስቡት። ሰውየው ከሥራ ገብቷል። እራቱን በልቷል። ልጆቹ ተኝተዋል። ስለ ፋሲል ግንብ የተጻፈውን ሊያርም ይቀመጣል። ገጹ ጠቧል። ግራና ቀኙ ነጭ ሆኗል። ትናንት በግራ በኩል ተዘርዝሮ የነበረው ሁሉ የት እንደገባ አይታወቅም። ዓይኑን ያሻል። ሚስቱን ይጠይቃል። «እኔ ምኑን ነካሁት?» ትለዋለች። በመጨረሻ ለጓደኛው ይደውላል። ጓደኛው ይስቃል፦ «ተነግሮ ነበር እኮ!»

ተነግሮ ነበር። የዚህ ጥበብ ምስጢሩ በዚህች ቃል ውስጥ ነው። ማን እንደተናገረ አትገልጽም። ማን እንደሰማም አትገልጽም። ብቻ ተነግሮ ነበር።

ሐቁን ለመናገር፣ ይሄኛው በደንብ ተነግሮ ነበር። «ቬክተር 2022» የሚባለው አዲስ መልክ እንግሊዝኛው ውክፔዲያ ላይ ከመውጣቱ በፊት ብዙ ተወርቶበታል፤ ተከራክረውበታል። የወጣው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 2023 ነው። (ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው፤ እነሱም ሲያሳውቁን በእኛ አይቆጥሩልንም።) ዕለቱ በእኛ ከተራ ነበር። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ያለው ሰው ይህን ቢያይ ደስ ይለው ነበር። አዲሱ ቀሚስ ለጥምቀት ደረሰ። የተጠበበው ግን በማን ልክ ነው የሚለው ክርክር ከበዓሉ በኋላም ቀጠለ።

አሁን ወደ ማስታወቂያው አጻጻፍ ልምጣ። አጀማመሩ ልብ ይነካል። ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይመጣና እንዲህ ይላል፦ «ይህ መልእክት በአፍ መፍቻ ቋንቋዎ ካልደረሰዎ ይቅርታ እንጠይቃለን።» በእንግሊዝኛ! ይቅርታውን መረዳት የፈለገ ሰው እንግሊዝኛ ማወቅ አለበት። እንግሊዝኛ ካወቀ ደግሞ ይቅርታው አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ሰው ይቅርታ መጠየቁንም ሳያውቅ ያልፋል። እንዲህ ያለ ንጹሕ ይቅርታ የት ይገኛል? ማንም ሊቀበለው፣ ማንም ሊመልሰው አይችልም።

ቀጥሎ ያለው ደግሞ ይበልጣል። «እባክዎ ወደ ቋንቋዎ በመተርጎም ይርዱን።» አዋጁ ለአንተ ነው። ተርጓሚውም አንተ ነህ። ነጋሪቱን ራስህ ትጎስማለህ፣ ራስህ ትሰማለህ፣ ራስህም ትደነግጣለህ። እንደ አማርኛው ውክፔዲያ ያለ ጥቂት ሰው የሚደክምበት ቤት ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገምቱ። ስለ ዓባይ ሊጽፍ የነበረው ሰው ስለ ሰርቨር ሲተረጉም ያመሻል። ተርጉሞ ሲጨርስ ለውጡ ካለፈ ሳምንቱ።

ሰዓቱንም አትርሱ። «ረቡዕ በ14:00 ዩቲሲ» ይላል እንበል። ዩቲሲ የዓለም መለኪያ ሰዓት ነው፤ ወደ እኛ ለመመለስ 3 ትደምራለህ፤ 17:00 ይሆናል። ከዚያ 6 ትቀንሳለህ፤ 11 ሰዓት። ከሰዓት በኋላ። ቀኑንም ወደ እኛ መቁጠሪያ ትመልሳለህ። ነጋሪት የሚጎስም ሰው ይህን ሁሉ ሒሳብ ሊያስተምርህ ይችል ነበር? አይችልም። «ነገ ከሰዓት» ብሎ ይሄድ ነበር፣ አላዋቂ!

ሳምንታዊው የሶፍትዌር ለውጥ ደግሞ «ባቡር» ይባላል። በራሳቸው ቋንቋ ነው፤ እኔ አላወጣሁለትም። ማክሰኞ መሞከሪያ ገጾቹ ላይ ይደርሳል። ረቡዕ እንደ መዝገበ ቃላቱ ውክሽነሪ ያሉ እህት ፕሮጀክቶችንና ጥቂት ውክፔዲያዎችን ያዳርሳል። ሐሙስ የቀሩትን ውክፔዲያዎች በሙሉ። አርብ ባቡሩ አይነዳም። አንድ ነገር ቢሰበር ቅዳሜና እሁድ ጠጋኝ አይገኝም ብለው ነው፤ ብልህነት ነው። አርብን ይጾማሉ፤ ረቡዕን ግን ይገድፋሉ። ችግሩ ሐሙስ ማታ የደረሰበት ሰው አርብ ጠዋት አቤት ሲል «ትኬት ክፈት» ይባላል። ፋብሪኬተር የሚባል የአቤቱታ መዝገብ አለ። እዚያ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥር ትንሽ ነገር አይደለም። ችግርህ አልተፈታም፤ ግን ስም ወጥቶለታል።

ከሁሉ የማደንቀው ሚዛናቸውን ነው።

ዊኪሚዲያ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በማርችና በሴፕቴምበር፣ ሥራውን ከአንድ የመረጃ ማዕከል ወደ ሌላው ያዛውራል። አንዱ ቨርጂኒያ ነው፣ አንዱ ቴክሳስ። አንዱ ቢቃጠል ሌላው እንዲተካ የሚደረግ ልምምድ ነው፤ ጥሩ ልምምድ። በዚያን ጊዜ ማንበብ ይቻላል፤ ማረም አይቻልም። ለስንት ጊዜ? ለሦስት ደቂቃ ገደማ። ለዚህች ለጥቂት ደቂቃ ቀደም ተብሎ ማስታወቂያ ይላካል። በብዙ ቋንቋ ይተረጎማል። ሊጀመር 30 ደቂቃ ሲቀረው ባነር ይወጣል። ቡና አፍልተህ የመጀመሪያውን ስኒ ሳትጨርስ ነገሩ አልቋል።

አሁን ሌላውን ስሙ። በአፕሪል 2023 ግራፍ የሚሥለው መሣሪያ የደኅንነት ክፍተት ተገኘበትና ድንገት ጠፋ። ድንገት መጥፋቱን አልቃወምም። በሩ ክፍት ነው ብለህ አስቀድመህ ብታውጅ መጀመሪያ የሚሰማህ ሌባው ነው። ግን የሕዝብ ቁጥር፣ የሙቀት፣ የምርጫ ውጤት ሥዕሎች ከብዙ ሺህ ገጾች ላይ ተነሡ። በቦታቸው «ግራፍ በቴክኒክ ችግር ምክንያት አይገኝም» የሚል ጽሑፍ ተቀመጠ። ሳምንት ሆነ። ወር ሆነ። የሕፃናት ቁጥር የሚያሳየው ሥዕል ያለበት ገጽ ላይ ሕፃናቱ አደጉ። ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላ አዲስ መሣሪያ መጣ። አሮጌዎቹ ሥዕሎች ተመልሰው ይሆን? የለም። አዲሱ መሣሪያ ሌላ ነው። ቁጥሮቹ ዊኪሚዲያ ኮመንስ በሚባለው የጋራ ማከማቻ ላይ በአዲስ መልክ ገብተው እንደገና መሠራት አለባቸው። በማን? በፈቃደኞች። «ለጊዜው» የሚለውን ቃል እንዲህ የዘረጋው ሰው አላውቅም።

ለሦስት ደቂቃው ባነር፣ ለሁለት ዓመቱ አንድ መስመር። ይህን ሚዛን የሠራ አእምሮ ሊደነቅ ይገባዋል። የሦስት ደቂቃውን ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም አይጮህም። የሁለት ዓመቱን ደግሞ ሰው ስለሚለምደው ማንም አይጮህም። ሁለቱም ጋ ጸጥታ ነው።

ጥበቡ በአንድ ቀን አልመጣም። በጁላይ 2013 ቪዥዋል ኤዲተር፣ ገጹን አንባቢ እንደሚያየው አድርጎ የሚያሳርመው መሣሪያ፣ እንግሊዝኛው ውክፔዲያ ላይ ተከፈተ። አሁን ጥሩ መሣሪያ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ያኔ ግን አንዳንዴ ከጽሑፉ መሃል የቼዝ ወታደር ወይም የበረዶ ሰው ምልክት ጥሎ ይሄድ ነበር። አርታዒው ፊደል ሊያርም ገብቶ የበረዶ ሰው ገንብቶ ይወጣል። ሴፕቴምበር ላይ ፈቃደኞቹ ራሳቸው ኮዱን ነክተው «የፈለገ ይምረጠው» ወደሚለው መለሱት።

የሚቀጥለው ዓመት የሥዕል ማሳያ መሣሪያ መጣ፤ ሚዲያ ቪውወር። የጀርመንኛው ቤት ሰዎች ድምፅ ሰጡና «ይቅርብን» አሉ። አንዱ አስተዳዳሪ አጠፋው። የፋውንዴሽኑ መልስ ኦገስት 10 ቀን 2014 ደረሰ። «ሱፐርፕሮቴክት» ይባላል። ፈቃደኛ አስተዳዳሪዎች ጭምር ገጹን እንዳይነኩ የሚቆልፍ አዲስ ቁልፍ ነው። ከቆለፉ በኋላ በዚያው ወር ምክክር ተጠራ። ጠልፎ ሽማግሌ መላክ በእኛ አገር ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር። ቁልፉ በኖቬምበር 2015 ተነሣ። በጁን 2025 ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) የተጻፈ ማጠቃለያ ከገጾች አናት ላይ ሊሞከር ነው ተብሎ ተነገረ። አርታዒዎቹ ተነሡ፤ ሙከራው ቆመ። ይሄኛው ሽማግሌ ከጠለፋው በፊት ደርሷል። እድገት ነው።

የማስታወቂያዎቹ ቋንቋ ደግሞ ቅኔ ቤት ሊገባ የሚገባው ነው። «አንዳንድ ተጠቃሚዎች ችግር ሊያጋጥማቸው ይችላል» ይላል። ሰሙ ጥቂት ሰዎች ነው። ወርቁ አንተ ነህ። «አሠራሩን ቀለል ለማድረግ» ሲባል ወርቁ ቁልፉን ደብቀነዋል ነው። «አስተያየታችሁን እንፈልጋለን» ሲባል ወርቁ እዚያው አለ፤ አስተያየት ነው የተባለው፣ ውሳኔ ማን አለ? «በቅርቡ» የሚለው ብቻ ሰምም ወርቅም የለውም። እኛማ «ሲስተም የለም» በሚል ሁለት ቃል ነው ያደግነው። ስንኙ አጭር ነው፤ ቢሆንም መስኮቱ ውስጥ የምትናገር ልጅ አለች። ብትቆጣትም ትሰማሃለች።

እዚህ ላይ ከሽሙጤ ትንሽ ልውጣ። ከ2013 ጀምሮ በየሳምንቱ የሚወጣ የቴክኖሎጂ ዜና አላቸው። አጭር ነው። ለትርጉም እንዲመች ሆን ተብሎ በቀላል እንግሊዝኛ ይጻፋል። አዘጋጆቹን አልነካም። ጎሳሚው ምን ያድርግ፣ አዋጁ ከተፈጸመ በኋላ ከደረሰው?

ሙያውን የሚያሰድቡ ግን አሉ። ኦፕንስትሪትማፕ የሚባል የፈቃደኞች ካርታ አለ። በዲሴምበር 2024 አምስተርዳም ያሉት ሰርቨሮቹ የኢንተርኔት መስመር ተቋረጠባቸው። ለቀናት ካርታውን ማረም አልተቻለም። እነዚህ ሰዎች ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ተናገሩ! ችግሩ የት እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ፣ ሌላ መስመር እያስገቡ እንደሆነ፣ በአደባባይ። ሰውም አመስግኖ ጠበቀ። ምን ዓይነት ብልግና ነው? ጥገናውን ከሚሠሩት ብዙዎቹ ራሳቸው ፈቃደኞች ናቸው። አዳሹም ነዋሪውም አንድ ሰው ሲሆን እንዲህ ያለ ስድነት ይመጣል። ቤቱ ሲያፈስ ራሱ ላይ ስለሚንጠባጠብ ነው የሚጮኸው።

ፍጹሙን ጥበብ ማየት የሚሻ ሰው ጥቂት ሰው ወዳለበት ውክፔዲያ መወያያ ገጽ ይሂድ። ከላይ እስከ ታች ማስታወቂያ ነው። የላከው ቦት ነው፤ ሰው ሳይሆን በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም። ከሥሩ መልስ የለም። ቀጥሎ ሌላ ቦት፣ ሌላ ማስታወቂያ። ገጹ ሲረዝም ደግሞ አንድ ቦት ይመጣና የቆየውን ወደ ማኅደር ያስገባል። ቦት ነገረ፣ ቦት ቀበረ። ለቀብሩ ሰው አላስቸገሩም።

አንዳንዴ ታዲያ የዋህ አይጠፋም። ትናንት የተመዘገበ ልጅ ከአንዱ ማስታወቂያ ሥር ይጽፋል እንበል፦ «ጤና ይስጥልኝ። ስለ መልእክትዎ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። መምህሬ 'አስቀምጥ' የሚለውን ተጫን ብለውኝ ነበር። እኔ ጋ የሚያሳየው 'አሳትም' ነው። አንድ ናቸው?» በአንቱታ ነው የጠየቀው። ቦቱን። ከዚያ በየቀኑ ገብቶ ያያል። ሰኞ ጠዋት ከጥያቄው ሥር አዲስ ጽሑፍ ያገኛል። ደስ ብሎት ይከፍተዋል።

«ይህ መልእክት በአፍ መፍቻ ቋንቋዎ ካልደረሰዎ…»